«ፍላተን» ለምን ይደበዝዛል? ከተጠማዘዘ ላሜራ ዝርግ ንድፍ ስለማውጣት

ጥያቄው፦ «መምህር፣ በአንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ዲዛይን ላይ ነው የምሠራው። ለወፍጮ ቤት የዱቄት ብናኝ የሚሰበስብ ሳይክሎን በ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ እየሠራን ነው። አካሉ ውጫዊ ዲያሜትሩ 600 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር ነው። ከሥሩ ከ600 ወደ 200 የሚጠብ፣ ቁመቱ 700 የሆነ ሾጣጣ አለ። ከላዩ 120 ከፍታ ያለው ዶም ክዳን ይቀመጣል። ከብሎወሩ 300 በ300 ካሬ አፍ ወደ 300 ክብ የሚቀየር ቱቦም አለው። ሁሉንም ሶሊድወርክስ በሚባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ላይ በሎፍት (ሁለት ቅርጾችን በማገናኘት) እና በሪቮልቭ (መስመርን በዘንግ ዙሪያ በማዞር) ሠራኋቸው፤ ‹ፍላተን› የሚለው የመዘርጊያ ቁልፍ ግን ደብዝዞ ቀረ። የሲሊንደሩን ውጫዊ ገጽ በ‹ሰርፌስ ፍላተን› ዘርግቼ አስቆረጥኩ። ተጠቅልሎ ሲለካ 600 መሆን ሲገባው 603 ወጣ። ዶሙንም ዘርግቶልኛል፤ ነገር ግን በቀለም የተሞላ ሥዕል ያሳየኛል። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው? ወደ ሌላ ልቀይር?»

አትቀይር። ሶፍትዌሩ ጤነኛ ነው። በአንድ ጥያቄ ውስጥ የላክኸው ግን አራት የተለያየ ችግር ነው፤ ሲሊንደሩ፣ ሾጣጣው፣ ከካሬ ወደ ክብ የሚሄደው ቱቦና ዶሙ። ሦስቱ በትክክል ይዘረጋሉ። አራተኛው አይዘረጋም፤ ሶፍትዌር ብትቀያይርም አይዘረጋም።

ከቁልፉ እንጀምር። ብዙ ሰው ፍላተን ማንኛውንም ቅርጽ ጨፍልቆ ጠፍጣፋ የሚያደርግ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። ፍላተን የታጠፈን መፍታት ነው። ሶፍትዌሩ ላሜራው የቱ ጋ፣ በምን ራዲየስ፣ በስንት ዲግሪ እንደታጠፈ መዝግቦ ከያዘ ያንን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አንተ በሎፍትና በሪቮልቭ የሠራኸው ለእሱ ድፍን ዕቃ ነው። ላሜራ መሆኑን ማንም አልነገረውም። የሚፈታው እጥፋት ስለሌለ ቁልፉ ይደበዝዛል።

እንዲበራ ከፈለግክ መጀመሪያ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይሁን። ቀጥሎ ቅርጹ የሆነ ቦታ ላይ የተከፈተ መጋጠሚያ ይኑረው፤ ሙሉ ለሙሉ የተዘጋ ክብ ከየት ጀምሮ እንደሚፈታ አይታወቅም። ሦስተኛው ብዙዎችን የሚያደክመው ነው። ገጾቹ እውነተኛ ጠፍጣፋ፣ እውነተኛ ሲሊንደር ወይም እውነተኛ ሾጣጣ መሆን አለባቸው። ሎፍት ሁለት ክቦችን ሲያገናኝ ዓይን ሾጣጣ ያያል፤ ፋይሉ ውስጥ ግን ነጻ የስፕላይን ገጽ (ቋሚ ራዲየስ የሌለው፣ በነጻ የጎበጠ) ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ለማጣራት በሜዠር (በመለኪያ ትእዛዙ) ገጹን ንካው። ሲሊንደር ሆኖ ራዲየሱን ከነገረህ ደህና ነው። የገጹን ስፋት ብቻ ከነገረህ ስፕላይን ነው ብለህ ጠርጥር።

ከደንበኛ የሚመጣ የስቴፕ ፋይል (ሞዴልን ከአንድ ሶፍትዌር ወደ ሌላ ማስተላለፊያ) ላይም ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ሰው ያንን ፋይል ለማከም ግማሽ ቀን ሲታገል አያለሁ። አትታገል። ልኬቶቹን አንብብና አንተ ራስህ በላሜራ ትእዛዞች እንደገና ሣለው። ሲሊንደርና ሾጣጣ ለመሣል ከሁለትና ከሦስት ቁጥር በላይ አያስፈልግም።

አሁን ወደ 603 እንምጣ። ይህን ቁጥር መላክህ ጥሩ ሆነ፤ ምክንያቱም ጥፋቱን ራሱ ይናገራል። ትርፉ በትክክል አንድ የላሜራ ውፍረት ነው።

ላሜራ ሲጠማዘዝ ውጭኛው ገጽ ይለጠጣል፣ ውስጠኛው ይጨመቃል። በመካከላቸው የማይለጠጥም የማይጨመቅም ንብርብር አለ። ዝርግ ንድፉ መውሰድ ያለበት የዚያን ንብርብር ርዝመት ነው። ኬ ፋክተር የሚባለው ቁጥር ይህ ንብርብር ከውስጠኛው ገጽ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ርቀቱን ለውፍረቱ አካፍሎ የሚነግርህ ነው። አንተ ውጭኛውን ገጽ ስትዘረጋ 600 በፓይ ሲባዛ 1885 ሚሊ ሜትር አገኘህ። ሮለሩ ያንን 1885 ወስዶ መሐለኛው ንብርብር ላይ አስቀመጠው። መሐሉ 600 ሲሆን ውጩ 603 ይሆናል። ማሽኑ የተሰጠውን ሠራ። ትክክለኛው ስሌት 600 ሲቀነስ 3፣ ማለትም 597 በፓይ ሲባዛ ነው፤ 1875.5 ይሰጥሃል። ልዩነቱ ወደ 9.4 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ያህል ትርፍ በብየዳ አይደበቅም።

በሮለር ለሚጠቀለል ነገር፣ ራዲየሱ ከውፍረቱ በብዙ እጥፍ ሲበልጥ፣ ኬ ፋክተር 0.5 ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለም። 0.44፣ 0.42፣ 0.38 እየተባለ የሚነገረው በማጠፊያ ማሽን በጠባብ ራዲየስ ለሚታጠፍ ላሜራ ነው። ኢንቬንተር የሚባለው ሌላው የዲዛይን ሶፍትዌር ሲከፈት 0.44 ይዞ ይነሳል፤ ሶሊድወርክስ 0.5። የአንተን ሲሊንደር በ0.44 ብትዘረጋው 1.1 ሚሊ ሜትር ያጥርብሃል። ብዙ አይመስልም። ሾጣጣው ላይም በሌላ አቅጣጫ ያንኑ ያህል ከሳትክ ግን ሁለቱ አይገጥሙም።

ሲሊንደሩን እንዲህ ሥራው። ስኬች ላይ ውስጣዊ ራዲየሱ 297 የሆነ አርክ ሣል፤ ክብ አይደለም፣ አርክ። ሁለቱ ጫፎች መሐል 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተው። በ«ቤዝ ፍላንጅ» ትእዛዝ ውፍረቱን 3 አድርገህ ወደ ውጭ ስጠው፣ ኬ ፋክተሩን 0.5 አድርግ። ፍላተን ወዲያው ይበራል፣ ርዝመቱም ወደ 1874 ይሆናል። ያ ክፍተት ለሶፍትዌሩ መክፈቻ፣ ለበያጁ ደግሞ ኤሌክትሮዱ ሥር ድረስ እንዲደርስለት ነው። በያጁን ምን ያህል እንደሚፈልግ ጠይቀውና የእሱን ቁጥር አስገባ።

ስክሪኑ የማይነግርህ ሌላም ነገር አለ። ሦስት ሮለር ያለው ተራ ማሽን የላሜራውን ሁለት ጫፎች አያጠማዝዝም። ጫፉ ከታችኛው ሮለር ሲያመልጥ ቀጥ ብሎ ይቀራል። መጋጠሚያው ላይ የእንባ ጠብታ የመሰለ ሹል አፍ ካየህ ምክንያቱ ይህ ነው። ስለዚህ ወይ ከመጠቅለሉ በፊት ጫፎቹን በማጠፊያ ማሽን ቀድሞ ማጠማዘዝ፣ ወይ በሁለቱም በኩል ትርፍ ርዝመት ትቶ ከተጠቀለለ በኋላ መቁረጥ ያስፈልጋል። ትርፉ በግምት የሁለቱ ታችኛ ሮለሮች ርቀት ግማሽ ነው። ትርፍ የምትተው ከሆነ ዝርግ ንድፉ ላይ እውነተኛውን ጫፍ በመስመር ምልክት አስደርግበት። ያለዚያ ተጠቅልሎ ሲመጣ የቱ ጋ እንደሚቆረጥ በግምት ይሆናል።

የብሎወሩ መግቢያ ቀዳዳም አለ። ብዙዎች ዝርግ ላሜራው ላይ ቀድመው በሌዘር ይቆርጡታል። ሲጠቀለል ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ብረት ስለሚላላ እዚያ ቦታ ላይ ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ ክቡ ይበላሻል። ትልቅ ቀዳዳ ከሆነ ዙሪያውን ቁረጥና አራት አምስት ቦታ ላይ ትንንሽ ድልድይ ተው። ከተጠቀለለ በኋላ ድልድዮቹን በግራይንደር ትበጥሳቸዋለህ። ሞዴሉ ላይ ቀዳዳውን ስትቆርጥ «ኖርማል ከት» የሚለውን ምልክት አድርግ። ሌዘርና ፕላዝማ የሚቆርጡት ለላሜራው ቀጥ ብለው ነው፤ ሞዴልህም እንደዚያው መቁረጥ አለበት።

ሾጣጣው ከሲሊንደሩ የበለጠ ያስፈራል እንጂ የበለጠ ከባድ አይደለም። ሎፍቱን ተወው። አንድ ቀጥ ያለ ያዘመመ መስመር ሣል፣ በመሐል ዘንጉ ዙሪያ 359.7 ዲግሪ ሪቮልቭ አድርገው፣ ውፍረት ስጠው። ከዚያ «ኢንሰርት ቤንድስ» ውስጥ ገብተህ የመጋጠሚያውን ቀጥ ያለ ጠርዝ ቋሚ አድርገህ ምረጥ። 360 ዲግሪ ከሞላኸው እምቢ ይላል፤ 0.3 ዲግሪዋ በ600 አፍ ላይ ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትሰጥሃለች።

ሶፍትዌሩ የሰጠህን ግን ዝም ብለህ አትመን። የሾጣጣ ዝርግ ንድፍ በካልኩሌተር አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። የአንተን እንየው። መሐለኛ ዲያሜትሮቹ 597 እና 197 ናቸው። የሁለቱ ልዩነት ግማሽ 200 ነው። ቁመቱ 700 ነው። 200 በራሱ፣ 700 በራሱ ተባዝተው ሲደመሩ 530,000 ይሆናሉ፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 728 ነው። ይህ የሾጣጣው ያዘመመ ርዝመት ነው። 200 ለ728 ሲካፈል 0.2747 ይሰጣል። ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር ከዚህ ቁጥር ይወጣል። ትልቁ የአርክ ራዲየስ 298.5 ለ0.2747 ሲካፈል ወደ 1086.6 ነው። ትንሹ 98.5 በዚያው ሲካፈል ወደ 358.5 ነው። ሾጣጣው ሲዘረጋ የማራገቢያ ቅርጽ ይይዛል፤ የዚህ ማራገቢያ አንግል 360 በ0.2747 ሲባዛ 98.9 ዲግሪ ነው፤ ክፍተቱን ሳንቀንስ።

ሶፍትዌርህ ትልቁን ራዲየስ 1086.6 አካባቢ ካለህ ደህና ነህ። 1092 ካለህ እንደገና ውጭኛውን ገጽ ነው የዘረጋው። 1081 ካለህ ደግሞ ውስጠኛውን። በተጨማሪ የትልቁን አርክ ርዝመት ለካ፤ ከሲሊንደሩ ጋር እኩል 1875.5 መምጣት አለበት። ሁለቱ የሚገጣጠሙ አፎች ስለሆኑ ርዝመታቸው ካልተስማማ ከመቁረጥህ በፊት አወቅክ ማለት ነው።

አንድ ደስ የሚል ነገር፣ ይህ ማራገቢያ 1,651 በ854 ሚሊ ሜትር ሳጥን ውስጥ ይገባል። 1 ሜትር በ2 ሜትር ከሆነ አንድ ላሜራ ይወጣል፣ የተረፈውም ለፍላንጅ (ለማሰሪያ ቀለበት) ይሆናል። ከዚህ ትንሽ ቢሰፋ ኖሮ ለሁለት መክፈል ግድ ይሆን ነበር። ሾጣጣን ለሁለት መክፈል ነውር የለውም። አንግሉን ለሁለት ታካፍላለህ፣ ሁለት መጋጠሚያ ትበይዳለህ፤ ትርፍራፊውም ይቀንሳል።

ነገር ግን ሮለርህን ሄደህ ለካው። የላይኛው ሮለር ዲያሜትር ከሾጣጣው ጠባብ አፍ ማነስ አለበት፤ ውስጡ ገብቶ ሊወጣ ነውና። ጠባብ አፍህ ውስጡ 194 ነው። የላይኛው ሮለር 180 ቢሆን እንኳ ብረቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ አታምነው። የማይሆን ከሆነ ሾጣጣውን በማጠፊያ ማሽን በብዙ ትንንሽ እጥፋት ማውጣት ይቻላል። ያን ጊዜ የማጠፊያ መስመሮቹ ከትንሹ አርክ ወደ ትልቁ አርክ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ይበተናሉ። ንድፉ ላይ ካልሣልካቸው ማጠፊያው ላይ ያለው ሰው ትይዩ አድርጎ ያጥፋቸዋል፤ የሚወጣውም ሾጣጣ አይሆንም።

ከካሬ ወደ ክብ የሚሄደው ቱቦ ላይ ቆም እንበል። እዚህ ላይ «እንዴት ልዘርጋው?» ከማለት በፊት «በምን ይታጠፋል?» ማለት ያስፈልጋል። ይህ ቱቦ አራት ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘኖችና አራት የተዘናበሉ የሾጣጣ ቁራጮች ተሰፍተው የወጡ ነው። ሶሊድወርክስ «ሎፍትድ ቤንድ» የሚል የራሱ የላሜራ ትእዛዝ አለው፤ ከተራው ሎፍት ጋር አታምታታው። ሁለት ያልተዘጉ ስኬቾች ይፈልጋል፣ መክፈቻቸው ፊት ለፊት የተያየ። ትእዛዙ ውስጥ ሁለት ምርጫ አለ። «ፎርምድ» ለስላሳ ገጽ ይሠራል፤ ስክሪን ላይ ያምራል። «ቤንት» ደግሞ ማዕዘኑን በእውነተኛ ማጠፊያ መስመሮች ይከፋፍለዋል፤ ለዚህም ሁለቱ ስኬቾች ትይዩ መሆን አለባቸው። ኢንቬንተር ላይ «ሎፍትድ ፍላንጅ» ውስጥ ዳይ ፎርምና ፕሬስ ብሬክ የሚባሉት ሁለቱ ምርጫዎች ይህንኑ ነው የሚሉት።

ወርክሾፕህ ማጠፊያ ማሽን ብቻ ካለው ቤንትን ምረጥ። ማዕዘኑን በስንት ልከፋፍል ነው ጥያቄው። የክቡ ራዲየስ 150 ነው። ሩብ ክቡን ለ6 ብትከፍለው እያንዳንዱ 15 ዲግሪ ይሆናል፣ ከእውነተኛው ክብ ከፍተኛው ርቀት 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለ10 ብትከፍለው ወደ 0.5 ይወርዳል። ግን 6 ሲሆን በማዕዘን 7 ማጠፊያ፣ በጠቅላላው 28 ነው። 10 ሲሆን 44 ይደርሳል። ለብናኝ ቱቦ 6 በቂ ነው። ፍላንጁ ሲበየድ 1.3 ሚሊ ሜትሩ በመዶሻ ይስተካከላል። ሶፍትዌሩ ላይ 20 ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ማጠፊያው ላይ የሚቆመው ሰው ግን ሌላ ነው።

ቱቦውን በአንድ ቁራጭ አታውጣው። በግማሽ ክፈለውና ሁለት እኩል ቁራጭ አድርገው። አንድ ቁራጭ ከሆነ መጨረሻው አካባቢ ላሜራው ዞሮ የማጠፊያውን ጥርስ (ከላይ የሚወርደውን ቢላ) ያቅፈዋል፣ ማውጫ ያጣል። መጋጠሚያው በጠፍጣፋው ሦስት ማዕዘን መሐል ይለፍ እንጂ በማዕዘኑ ላይ አይሁን።

ለማጠፊያ ማሽን የሚሆነውን ኬ ፋክተር ከሰንጠረዥ አትውሰድ። የራስህን ላሜራ ጠይቀው። ልክ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ ቁረጥ፣ ሁልጊዜ በምትሠራበት ቪ (የማጠፊያው የታችኛ ሻጋታ) ላይ 90 ዲግሪ እጠፈው፣ ሁለቱን ክንፎች ከውጭ በካሊፐር ለካና ደምራቸው። ድምሩ 105.7 ከመጣ ለአንድ እጥፋት የምትቀንሰው 5.7 ነው። ያንን ቁጥር በቀጥታ «ቤንድ ዲደክሽን» ብለህ ማስገባት ትችላለህ። ውስጣዊ ራዲየሱ 4 ቢሆን ይህ ከ0.42 ኬ ፋክተር ጋር ይመጣጠናል። በአየር ላይ በሚታጠፍ ተራ ብረት ውስጣዊውን ራዲየስ የሚወስነው በዋናነት የቪው ስፋት እንጂ ጥርሱ አይደለም፤ ከስፋቱ 16 ከመቶ አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ቪ ከቀየርክ እንደገና ሞክር። አዲስ ላሜራ ከሌላ ነጋዴ ከመጣም ሞክር። «3 ሚሊ» ተብሎ የተሸጠ ሁሉ 3 ሚሊ አይደለም፤ ካሊፐር ማስገባት ነጻ ነው።

አሁን ዶሙ። ጋዜጣ በጣሳ ላይ ብትጠቀልል ያለ ጭምድድ ይቀመጣል። በኳስ ላይ ግን አይቀመጥም፤ ወይ ይጨማደዳል ወይ ይቀደዳል። ጣሳ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚጎብጠው፣ ኳስ ወደ ሁለት። ወደ ሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ገጽ ሳይለጠጥና ሳይጨመቅ ጠፍጣፋ ሊሆን እንደማይችል ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 አረጋግጦታል። ከዚያ ወዲህ ይህን የሚሽር ሶፍትዌር አልተሸጠም፤ አይሸጥምም።

ታዲያ ሰርፌስ ፍላተን ምን ሰጠህ? ግምት ነው የሰጠህ። ገጹን በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ከፋፍሎ፣ እየጎተተና እየጨመቀ አስተኛው። ቀለሙ የሚነግርህ የቱ ጋ ስንት እንደለጠጠና እንደጨመቀ ነው። ለቆዳ፣ ለጨርቅ፣ ለስስ ነገር ጥሩ መነሻ ይሆናል። ራይኖ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ «ስማሽ» እና «ስኩዊሽ» የሚባሉትም እንዲሁ ግምት ናቸው፤ «አንሮል» ግን ለሲሊንደርና ለሾጣጣ ዓይነት ገጽ ትክክለኛ ነው። ለ3 ሚሊ ብረት ያ ቀለም ማለት መዶሻ፣ ሙቀት ወይም ፕሬስ ይፈልጋል ማለት ነው።

መጠኑን በቁጥር እንየው፤ ለቀላልነት ውፍረቱን ልተው። ክዳንህ 600 ስፋትና 120 ከፍታ ያለው የኳስ ቁራጭ ነው። ከአናቱ እስከ ጠርዙ በጉብታው ላይ ያለው ርቀት 331 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ራዲየስ ክብ ላሜራ ብትቆርጥ ዙሪያው 2,080 ይመጣል። የክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ ግን 1,885 ነው። ወደ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ብረት የሆነ ቦታ መጥፋት አለበት። በሮለርና በማጠፊያ የሚጠፋ አይደለም።

በተመሳሳይ ስፋትና ከፍታ ሾጣጣ ክዳን ብትሠራስ? ያዘመመው ርዝመት 323.1 ነው። ዲያሜትሩ 646 የሆነ ክብ ትቆርጣለህ፣ ከእሱ ላይ 25.75 ዲግሪ የሆነ ቁራሽ ታወጣለህ፣ ታገጥመዋለህ፣ ትበይደዋለህ። አለቀ። ከላሜራ ሾጣጣ አክንባሎ ለመሥራት የሚፈልግ ሰውም ይኸው ስሌት ነው። የሚገርመው የኳሱ ቁራጭ የገጽ ስፋት ራሱ ከዚያው ዲያሜትሩ 646 ከሆነው ክብ የገጽ ስፋት ጋር እኩል መሆኑ ነው። ልዩነቱ በሾጣጣው ትርፉን በመቀስ ታወጣለህ፤ በዶሙ ትርፉን ብረቱ ውስጥ ማስጨነቅ አለብህ።

ለአንተ ሥራ ግን ሾጣጣም አያስፈልግህም። የሳይክሎን ክዳን መሐል ላይ ንጹሕ አየር የሚወጣበት ቱቦ ገብቶ ይወርዳል፤ የክዳኑ ትልቁ ክፍል የዚያ ቱቦ መያዣ ነው። ጠፍጣፋ ክብ ክዳን አድርገው፣ በፍላንጅና በቡሎን ሲሊንደሩ ላይ እሰረው። ከተንቀጠቀጠ ሁለት ማጠንከሪያ በይድበት። ለጽዳትም ይከፈታል። የዶሙ ውበት ወፍጮ ቤት ጣሪያ ሥር ማንም አያየውም።

ደንበኛው ዶም ካልሆነ ብሎ ከጸና በፕሬስ ወይም በስፒኒንግ (ላሜራውን እያሽከረከሩ በመጫን) ተሠርቶ የተዘጋጀ ግዛ። ወይም በ12 ቅጠል ከፋፍለህ፣ እያንዳንዱን ቅጠል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አጉብጠህ በይደው። የሚወጣው ጥርስ ጥርስ ያለው ዶም ነው፣ የብየዳው ርዝመትም ብዙ ነው። ይህን የምለው ግፊት ለሌለበት ዕቃ ብቻ ነው። ለአየር ኮምፕረሰር ታንከር፣ ለቦይለር፣ ግፊት ለሚይዝ ማንኛውም ነገር በቅጠል የተበየደ ዶም እንዳትሞክር። እዚያ ላይ የብየዳ ስህተት ሰው ይገድላል።

ሶፍትዌር ስለመቀየር ከጠየቅኸኝ፣ ኢንቬንተርም ሶሊድወርክስም ያንተን ሦስት ቁራጮች እኩል ይዘረጋሉ። ገንዘብ የሌለው ሰው ፍሪካድን ከነሺት ሜታል ተጨማሪው በነጻ አውርዶ እጥፋቶችን መዘርጋት ይችላል። ሾጣጣውን ደግሞ ከላይ ባለው ስሌት አውቶካድ ላይ በሁለት አርክና በሁለት መስመር ይሥለዋል። ማሽኑ የሚያየው መስመሩን ነው፤ በምን እንደተሣለ አይጠይቅም።

ወደ ቆራጭ ከመላክህ በፊት አንድ ቀላል ፍተሻ አድርግ። የዝርጉን የገጽ ስፋት በ3 አባዛው፣ ከታጠፈው ሞዴል ቮልዩም ጋር አወዳድረው። በ0.5 የተዘረጋ ሲሊንደርና ሾጣጣ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። በ0.5 ከመቶ ያህል (በሾጣጣው 0.75 ገደማ) ከበለጠ ውጭኛውን ገጽ ዘርግተሃል፤ በዚያው ልክ ካነሰ ውስጠኛውን። ዲኤክስኤፉን (ለቆራጩ የሚላከውን የንድፍ ፋይል) አንድ ለአንድ በሚሊ ሜትር አውጣው። የማጠፊያ መስመሮቹን በሌላ ሌየር ላይ አድርጋቸው፣ አለበለዚያ ሌዘሩ ይቆርጣቸዋል። ሌዘሩና ፕላዝማው የሚበሉትን ስፋት አንተ ንድፉ ላይ አትጨምር፤ ኦፕሬተሩ በራሱ ፕሮግራም ያስተካክለዋል፣ ሁለታችሁም ከጨመራችሁ ቁራጩ ይሰፋል። የትኛው ገጽ ወደ ውስጥ እንደሚሆን በጽሑፍ ይታይ። ቀዳዳ ያለው ሲሊንደር ተገልብጦ ከተጠቀለለ መግቢያው በተቃራኒው ይሆናል፣ ሳይክሎኑም ወደማትፈልገው አቅጣጫ ይዞራል።

ሁሉንም በአንድ ቀን አታስቆርጥ። ሲሊንደሩን ብቻ አስቆርጥ፣ ይጠቅለል፣ በነጥብ ይበየድ። ከዚያ በውጭ ዙሪያውን በሜትር ጠምጥመህ ለካው። 1,885 ከመጣ ሾጣጣውን እንዳለ ላከው። 1,882 ወይም 1,888 ከመጣ የሾጣጣውን ትልቅ አፍ በዚያ ልክ ቀይረህ ላከው። የቆረጥከው የ603ቱ ሲሊንደርም መጣል የለበትም፤ መጋጠሚያው ላይ 9.4 ሚሊ ሜትር ቆርጠህ እንደገና ዝጋው።